ሃምሳ ሦስት የሚባል ዕድሜ

ሞሚና አሊ ለስምንት ዓመት ሁለት መቶ ሺህ ሰው ሆና ኖራለች። ለማጋነን የተባለ አይደለም፤ መታወቂያዋ ላይ፣ ከፎቶዋ ሥር፣ በጉልህ ተጽፏል። አገሪቱ ሁሉንም ሰው መጠየቅ ከተወች ቆየች። ምርጫውም፣ ቆጠራውም፣ የቀበሌ ስብሰባውም ቀርቶ፣ ከሁለት መቶ አርባ ሚሊዮኑ ሕዝብ መካከል አንድ ሺህ ሁለት መቶው ብቻ በየማለዳው ይጠየቃል፤ የእነሱ መልስም የሁሉም መልስ ነው። ሰዉ ናሙናዎች ይላቸዋል። ሞሚና ደሴ ሸዋ በር ላይ ዚፕ እየቀየረችና ቁልፍ እየተከለች የምትኖር ናሙና ነበረች። ቁጥሯ አራት መቶ አሥራ ሰባት ነው።

ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን መንግሥት የሚናገር መጠየቂያ የተከለበት የቤቷ ግድግዳ ይጠይቃታል። ከትናንት ወዲህ ምን በሉ? ስንት ጊዜ ሳቁ? ጎረቤትዎን ያምናሉ? በቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ? ሞሚና አፏ እንዳመጣላት አትመልስም፤ የሁለት መቶ ሺህ ሰው ነገር ከባድ ነው። አንድ ቀን ሽሮው አርሮባት ራቷን ሳትበላ አደረች። ሲነጋ ጥያቄው ሳይመጣ ተነሥታ፣ ሳይርባት፣ ግማሽ ዳቦ በሻይ አወራረደች። "አልበላሁም" ብትል ሁለት መቶ ሺህ ሰው ጦሙን አደረ ተብሎ ሊጻፍ ነው፤ በአንድ ድስት ሽሮ ይህን ያህል ሰው ማስራብ አልሆነላትም።

ባሏ ሙሐመድ ይመር፣ እሷ ሙሄ የምትለው፣ የዛሬ ሁለት ዓመት በጥር ወር ማሳል ጀመረ። ግድግዳው በየጠዋቱ "በቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ?" ሲላት "አዎ፣ አለ" ትላለች። ሁለት መቶ ሺህ ባል ታሞ መንግሥት ዝም አይልም ብላ ሰባት ወር ሐኪም ጠበቀች። የመጣ አልነበረም። ሙሄ በነሐሴ ሞተ። በሦስተኛው ቀን ግን፣ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ከብሔራዊ ናሙና ቢሮ ደብዳቤ ደረሰ። አንድ ሽማግሌ የማጽናኛ ደብዳቤ መስሏቸው ጮክ ብለው አነበቡት። "ናሙናችን ከአገሪቱ ሕዝብ ጋር ሲመሳከር፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች በአንድ ያንሱብን ነበር። ጉድለቱ በእርስዎ ስለተሟላ እናመሰግናለን።" ሽማግሌው ደብዳቤውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አላነሣውም።

እንድሪስ የመጣው ከዓመት በኋላ ነው። አሳንሰር ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱን በወጣትነቱ ፈትቶ ብቻውን የከረመ ሰው ነው። ዚፑ ተበላሸብኝ ብሎ ሱሪ አመጣ። ሞሚና ብታየው ዚፑ ደህና ነው። በሳምንቱ ያንኑ ሱሪ ይዞ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት ሰውየው በከንቱ እንዳይመላለስ ብላ ዚፑን ራሷ አበላሽታ ጠገነችለት። ከዚያ በኋላ ምክንያት መፈለጉ ቀረ፤ እንዲሁ ይመጣል። ሞሚና ወደደችው። እንደ ልጃገረድ ደረቷ የሚመታ መሆኑን ስታውቅ አፈረች፤ ግን ደስ አላት። ኒካሕ ሊያስሩ ተስማሙ። የቀረው ከናሙና ቢሮ የሚወጣ አንዲት ወረቀት ብቻ ነበር።

የቢሮው አመሳካሪ አቶ ልዑልሰገድ ይባላል። ሥራው ናሙናውን ከሕዝቡ ጋር ማስተያየት ነው። ስክሪኑ ላይ ሁለት ዓምድ አለ፤ በቀኝ፣ ናሙናዎቹ ሳይቆጠሩ፣ በቀበሌ መዝገብ ያለው ሕዝብ፣ በግራ ናሙናው፣ በየዕድሜው በረድፍ በረድፍ ተደርድሮ። በየሦስት ወሩ ሁለቱ ዓምዶች መመሳሰል አለባቸው። በዘጠኝ ዓመት የሥራ ዘመኑ አንድ ቀን እንኳ ተመሳስለውለት አያውቁም፤ ፊቱ ላይም ይነበባል። ሞሚና የመጣችበትን ነገረችው።

"ወይዘሮ ሞሚና፣ እንኳን ደስ አለዎት" አላት። "አይቻልም።"

"ምኑ ነው የማይቻለው?"

"እርስዎ ካገቡ እኔ ባሏ የሞተባት ሴት ይጎድለኛል። ናሙና ሲወጣ ምትክ ይተካል። ሕጉ ነው።"

"ታዲያ ተካ። ባሏ የሞተባት ሴት ጠፍቶ ነው?"

"ባሏ የሞተባት ሞልታለች። ባሏ የሞተባት፣ ከተማ የምትኖር፣ በእጇ ሠርታ የምታድር፣ ሃምሳ ሦስት ዓመት የሞላት ግን የለችም። ስድስት ወር ፈለግን እኮ።"

"ስድስት ወር? እኔ ማግባት ያሰብኩት ገና ባለፈው የካቲት ነው።"

"ቢያገቡስ ብለን ነው" አለ አቶ ልዑልሰገድ። "ሱሪዬን ላሳጥር ስመጣ ሳቅዎ ጨምሮ አየሁ።"

ሞሚና ሰውየው የሚያሾፍባት መሰላት። ደሴን የሚያህል ከተማ አንዲት የሃምሳ ሦስት ዓመት ሴት ያጣል ማለት ምን ማለት ነው? ማመሳከሪያው ሚያዝያ ሃያ ነው፤ እስከዚያ ምትኳን ራሷ ይዛ እንደምትመጣ ነግራው ወጣች።

እሑድ የሴቶች እድር ስብሰባ ነበር። ስድሳ አራት ሴቶች አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ከግማሽ በላይ ባሎቻቸውን የቀበሩ ናቸው። ሞሚና ተነሥታ "ሃምሳ ሦስት ዓመት የሞላት ካለች እጇን ታውጣ" አለች። እጅ ያወጣ የለም። እንግዲህ አንድ በአንድ ብላ ከፊት ወንበር ጀመረች። ሃምሳ። ሃምሳ። አርባ አምስት። ሃምሳ። ሃምሳ አምስት። ሃምሳ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፤ እናት "ሃምሳ" አለች፣ ልጅም "ሃምሳ" አለች፣ ሁለቱም አልደነቃቸውም።

የእድሩ ሊቀመንበር ዘርፌ ናት። ፊቷን ላየ ሰው ሃምሳን ካለፈች መቆየቷ ግልጽ ነው፤ ባሏም ሞቷል፣ ስፌትም ትሠራለች። ሞሚና ስብሰባው ሲበተን ጠብቃ ያዘቻት።

"እትዬ ዘርፌ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ ዕድሜሽ ስንት ነው?"

"ሃምሳ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከልጄ ሠርግ ጀምሮ።"

"ሠርጉ መቼ ነበር?"

"ሦስት ዓመት አለፈው።"

ሞሚና ክንዷን ያዘቻት። "ታዲያ ሃምሳ ሦስት ነሽ ማለት ነው እኮ" አለቻት።

ዘርፌ ነጠላዋን አስተካክላ ትክ ብላ አየቻት። "ስሚ ሞሚና። ሃምሳ ያለ ሰው ትልቅ ሰው ነኝ አለ፤ አለቀ። ሃምሳ ሦስት የሚል ሰው ግን የሚፈልገው ነገር አለ። ወይ ከአንድ ሰው ሊበልጥ ነው፣ ወይ ሊካሰስ ነው። እኔ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም።"

"እባክሽ፣ ለእኔ ስትይ። ካላገኘሁ አላገባም።"

"ለአንቺ ስል ድንኳን እተክላለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ ልጅሽን እድራለሁ። ሦስት ዓመት ግን ከየት አመጣልሻለሁ?" አለችና የእድሩን መዝገብ በብብቷ ይዛ ሄደች። ክፋት አልነበረባትም። ሃምሳ ነኝ ስትል ከልቧ ነበር።

ሞሚና መንገዱን ሁሉ ስትናደድ ሄደች፤ የተናደደችው በሟች አባቷ ነው። አባቷ የቀበሌ ጸሐፊ ነበር፤ የተወለደችበትን ቀን በልብስ ሳጥን ክዳን ውስጠኛ በኩል በቀለም ጽፎባታል፤ ኅዳር ዘጠኝ ቀን ሁለት ሺህ ስድሳ ሁለት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። በዚህ የተነሣ ዕድሜዋን በልክ የምታውቅ ሴት ሆነች። ስታድግ ይህ ሁሉ ሰው የሚያውቀው ነገር ይመስላት ነበር።

ሰኞ ባዶ እጇን ቢሮ ተመለሰች። አቶ ልዑልሰገድ አላሾፈባትም፤ እንዲያውም ወንበር ስቦ አስቀመጣትና ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረው።

"ይዩት" አለ። "ይህ ሕዝቡ ነው።"

በቀኝ በኩል አርባ አምስት ላይ ኮረብታ አለ፤ ሃምሳ ላይ ተራራ፤ ሃምሳ አምስት ላይ ደግሞ ኮረብታ። በመካከላቸው ያለው ሜዳ ነው። ሃምሳ ሦስት በሚለው ረድፍ ላይ ዜሮ ተጽፏል። በግራ በኩል፣ በናሙናው ዓምድ፣ እዚያው ረድፍ ላይ አንድ ሰው አለ። ያ ሰው እሷ ናት። ከጎኑ ትንሽ ኮከብ ተደርጎበታል።

"ይህ ኮከብ ምንድን ነው?"

"እሱማ ምንም አይደል። በአንድ ረድፍ ያሉት ናሙናዎች ከአሥር ሲያንሱ ኮከብ ይደረግበታል። ስሕተት ሊኖርበት ስለሚችል አይነበብም።"

"ምኑ አይነበብም?"

"መልሱ።"

ሞሚና ኮከቡን አየችው። ያንን ግማሽ ዳቦ አስታወሰች። "ስምንት ዓመት ሙሉ?"

"ኧረ አይደለም" አለ አቶ ልዑልሰገድ ሊያጽናናት። "ሲገቡ አርባ አምስት ነበሩ፤ ያን ዓመት ተነብበዋል። ሃምሳ በሞላዎት ዓመትም በደንብ ተነብበዋል። ሌላው ነው ኮከብ።"

"ሃምሳ አንድ ዓመቴስ?"

ሰውየው አየላት። "ኮከብ።"

ሃምሳ አንድ ዓመቷ ሙሄ ሲያስል የነበረበት ነው። ሰባት ወር በየጠዋቱ "አዎ፣ አለ" ያለችው ለኮከብ ኖሯል። ማልቀስ ፈለገች፤ ንዴቱ ቀደማት።

"ታዲያ የማይነበብ ሰው ምን ምትክ ያስፈልገዋል?"

"ቢነበብም ባይነበብም ናሙና ያለ ምትክ አይወጣም" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሱሪውንም እሷ ጋ ነው የሚያሳጥረው። "ሃምሳ ቢሆኑ ኖሮ እኮ ችግር አልነበረም። ሃምሳ ላይ ትርፍ ሰው ነው ያለኝ። ትርፍ ያለ ምትክ ይለቀቃል።"

ሞሚና ሳጥኑን፣ ክዳኑን፣ የአባቷን የተስተካከለ ጽሕፈት አሰበች። ሦስቱን ዓመት ደግሞ አሰበች፤ የሙሄን መሞት፣ የእንድሪስን መምጣት።

"ሃምሳ ነኝ" አለች።

አቶ ልዑልሰገድ እጁ ቆመ። "ከልብዎ ነው? እርማት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀደው።"

"ሃምሳ ነኝ አልኩህ። ሰው ዕድሜውን ሲናገር ማስረጃ ይጠየቃል እንዴ?"

"የለም፤ ዕድሜ ተጠያቂው እንደተናገረው ነው የሚጻፈው" አለና ጻፈው። ሃምሳ ሦስት የሚለው ረድፍ ላይ በግራ የነበረው አንድ ጠፍቶ ዜሮ ሆነ። በቀኝም ዜሮ፣ በግራም ዜሮ። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ለበሰ። አቶ ልዑልሰገድ ከወንበሩ ተነሣ። ከጎረቤት ክፍል ባልደረባውን ጠርቶ አሳየው፤ ሁለቱም እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ናሙናውና አገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሆነው ነበር።

"አሁን ትርፍ ነዎት። ተለቅቀዋል" አላት ዓይኑን እየጠረገ።

"የጋብቻውን ወረቀት ስጠኛ።"

ስክሪኑን ነካ ነካ አደረገና ፊቱ ተለወጠ። "ወይዘሮ ሞሚና፣ ባለትዳር ነዎት እኮ።"

"ባሌ እንደሞተ አንተ ታውቅ የለም ወይ? አመስግነህ ጽፈህልኛል።"

"እሱ በሃምሳ አንድ ዓመትዎ ነው። አሁን የሃምሳ ዓመት መዝገብዎ ነው የተከፈተው። በሃምሳ ዓመትዎ ባለቤትዎ ሙሐመድ ይመር አሉ።" ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። "አይዞዎት፣ ይሞታሉ። አንድ ዓመት ከአራት ወር ነው የሚቀራቸው። እስከዚያ ትንሽ ይታገሡ።"

ማታውን ለእንድሪስ ስትነግረው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። "እንግዲህ የሰው ሚስት ቤት ነው የምመላለሰው" አለ። ቀልድ ይመስል ነበር፤ በማግስቱ ሲመጣ ግን ደፉን አላለፈም። በርጩማ አስወጥቶ ደጅ ተቀመጠ። ግባ ብትለው "ሙሄ ካለ እሱ ይጋብዘኝ" አላት። አንድ ዓመት ከአራት ወር ደጅ መቀመጥ ለሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ረጅም ነው፤ ወይም እሱ እንደሚለው ለስድሳ።

ሐሙስ ጠዋት፣ እንድሪስ በርጩማው ላይ እንዳለ፣ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ቦርሳ አንጠልጥላ መጣች።

"ሲስተር ለይላ እባላለሁ፤ ከጤና ጣቢያ ነው። የሙሐመድ ይመር ቤት ይህ ነው?"

ያን ስም እንዲህ እንደ ደህና ሰው ስም ሲጠራ ሞሚና ከሰማች ቆይታለች። "ነው" አለች።

"የሃምሳ ዓመት ሴቶች ባሎቻችንን ያስላቸዋል ብለው በብዛት መልሰዋል። ስለዚህ ከዘንድሮ ጀምሮ የሃምሳ ዓመት ሚስት ያለችበትን ቤት ሁሉ እያየን ነው። ባለቤትዎ ያስላቸዋል?"

ሞሚና የስፌት መኪናዋን ተደግፋ ተቀመጠች። "ዛሬ ነው የምትመጪው?" አለቻት።

"ስምዎ ሃምሳዎቹ ረድፍ ውስጥ የገባው ሰኞ ነው" አለች ሲስተር ለይላ፣ እንደ መኩራት ብላ። "በሦስት ቀን ደርሻለሁ። ያስላቸዋል ወይ?"

"ገና ነው። በጥር ነው የሚጀምረው።"

ሲስተሯ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ የተባለችውን ጻፈች። "እንኳን ቀደምነው። ሳል ሳይጀምር ከተገኘ የስድስት ወር ክኒን ነው። ይድናሉ።"

"ይድናሉ?"

"በዚህ ጊዜ ተገኝቶ የሞተ ሰው አላየሁም።"

ሞሚና ገብቷታል። ሙሄ ከዳነ በሚመጣው ዓመት ነሐሴ አይሞትም፤ ካልሞተ እሷ ሚስቱ ናት፣ እንድሪስም ደጅ ነው። ሲስተሯን "ተሳስተሻል፣ ሂጂ" ማለት ነበረባት። ግን ሰባት ወር ሙሉ ስትጠብቀው የነበረው ይህችኑ ሴት፣ ይህንኑ ቦርሳ፣ ይህንኑ "ይድናሉ" የሚል ቃል ነው። አሁን ከደጇ መመለስ አቃታት። እንባዋ መጣ።

"እሳቸው ናቸው?" አለች ሲስተር ለይላ ወደ በርጩማው እያየች። "ሰውየውን ሳላይ መድኃኒት አልሰጥም።"

እንድሪስ ሞሚናን አያት፤ ብዙ አያት። ከዚያ ተነሣና ጫማውን አውልቆ ደፉን አለፈ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለ።

"እኔ ነኝ" አለ።

ሲስተር ለይላ ክንዱን በደም ግፊት መለኪያ አሠረች፣ ደረቱን አዳመጠች፣ ጻፈች። ዓይኗ ያየውን ሳይሆን የተነገራትን ነው የምትጽፈው፤ ሥራዋ እንደዚያ ነው። ክኒኑን ቆጥራ ሰጠችውና ፎርሙን አቀረበችለት። እንድሪስ እስክሪብቶውን ይዞ ጥቂት ካሰበ በኋላ፣ እንደ አዲስ ፊደል እንደሚማር ሰው ቀስ እያለ፣ ሙሐመድ ይመር ብሎ ፈረመ።

"በግራ ጎኑ ነው የሚተኛው" አለች ሞሚና ድንገት። "ሌሊት ውሃ ይጠማዋል፤ ሰው ላለመቀስቀስ ብሎ ግን አይጠይቅም። ክኒን ያለ ማር አይወርድለትም።"

ሲስተር ለይላ ይህንንም ጻፈች። "ማር አለ?"

እንድሪስ ማር አይወድም፤ ሽታው ራሱ ያቅለሸልሸዋል። ሞሚና ታውቃለች። ከአፏ ያመለጣት ቃል አስደንግጧት ልታርመው ስትል እሱ ቀደማት።

"አዎ፣ ያለ ማር አይሆንልኝም" አለ። "አምጪልኝ እስቲ፣ ሞሚና።"

ጓዳ ገብታ የማሩን ብልቃጥ እንደያዘች አለቀሰች፤ ለማን እንደምታለቅስ አልለየችውም። ስትመለስ እንድሪስ ክኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎ፣ አፉን ከፍቶ እየጠበቃት ነበር።